ግንቡ ሳይፈርስ የፈረሰ ሥራ፤ ከንቱ ውዳሴና ቅንአት በጎጃም የካቶሊክ ካህናት ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም ከሙያችን ጋር ዝምድና ያለው አንድ የታሪክ ሐተታ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የታሰበኝ በዓባይ ላይ ስለተሠሩት የጥንት ድልድዮች መጻፍ ነበር። ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ግን ከድንጋዩና ከኖራው ይልቅ ድንጋዩን ያስጠረቡት ሰዎች ጠባይ ሐሳቤን ወሰደው። ስለዚህም አቅጣጫዬን ለውጬ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን ስለመጡት የካቶሊክ ካህናት፣ በተለይም በጎጃም ስለሠሩትና ስላጡት ሥራ ጥቂት ለማቅረብ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ያደግሁት ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከጮቄ ተራራ ማዶ፣ በእነብሴ ሳር ምድር መርጡለ ማርያም ትገኛለች። በዚያ ያለውን ፍራሽ ግንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ማግሥት ነበር። ቦታው እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጠለ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1620ዎቹ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በጣሊያናዊው በብሩኖ ብሩኒ መሪነት በጥርብ ድንጋይና በኖራ መልሰው ሠሩት። አበባ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። በወጣትነት ድፍረት መጋጠሚያውን በጥፍሬ ፈተንሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከተለኝ ኖረ። ግንቡ ይህን ያህል የጸና ከሆነ፣ ያሠሩት ሰዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከነሥራቸው ከአገር የተባረሩት ስለ ምን ነው? የታሪክ መጻሕፍት የሃይማኖትን ክርክር፣ የመኳንንቱን አመፅና የሕዝቡን ቁጣ ይነግሩናል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከነዚህ ሥር ሆኖ መሠረቱን ሲቦረቡር የነበረውን ነገር፣ ማለትም አባቶች ከንቱ ውዳሴና ቅንአት የሚሉትን ደዌ፣ ለብቻው ነጥሎ ማየት ይገባል ባይ ነኝ። የማንንም ሃይማኖት ለመንቀፍ አለመነሣቴን ግን አስቀድሜ እገልጻለሁ። ይህ ደዌ ቆብንና ቀሚስን አይለይም፤ የመሐንዲስንም ቢሮ ያውቀዋል።

የቃሉ ሁለት ፊት

በግዕዝ ቅንአት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ለእግዚአብሔር ቤት መቆርቆር፣ ሁለተኛው በባልንጀራ ሀብትና ክብር መመቅኘት ነው። አማርኛችን ሁለተኛውን ምቀኝነት ብሎ ለይቶ ስም ቢሰጠውም፣ አንድ ሰው በልቡ ውስጥ የሚነደው የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። የኢየሱሳውያኑ ታሪክ ያሳዘነኝ ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎቹ ወደዚህ አገር የመጡት ነፍሳቸውን ለመስጠት ቆርጠው ነበር፤ አንዳንዶቹም ሰጥተዋል። የተሰናከሉት አንዱ ቅንአት በሌላው ልብስ ተሸፍኖ ስለገባባቸው ነው።

ቤት ላይ ቤት የሠራው ካህን

ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 በስፔን አገር ተወለደ። በ1589 ከጎዋ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በዐረብ ባሕር ዳርቻ ተማረከ፤ በየመንም ሰባት ዓመት ያህል በእስር ማቀቀ። ከተቤዠ በኋላ እንደገና ሞክሮ በ1603 ምጽዋ ደረሰና በአድዋ አጠገብ ባለችው በፍሬሞና ተቀመጠ። መጀመሪያ የያዘው ሥራ ግዕዝና አማርኛ መማር ነበር።

በ1604 ዐፄ ዘድንግል ፓኤዝን አስጠርቶ ትምህርቱን ከሰማ በኋላ ልቡ ወደ ሮማ አዘነበለ፤ ወዲያውም የቀዳሚት ሰንበትን መከበር የሚሽር ዐዋጅ ለማውጣት ቸኮለ። ፓኤዝ ንጉሡ እንዳይቸኩል መከረው። ምክሩ አልተሰማም፤ ዘድንግልም በዚያው ዓመት በተነሣበት ጦር ሞተ። በሥራው ፍሬ ለመመካት የቸኮለ ካህን ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሥ ሲለወጥለት “ቆይ” ማለት የሚሆንለት አይመስለኝም።

በ1607 ሱስንዮስ በጎጃም ምድር ጎል በተባለ ስፍራ ያዕቆብን ድል አድርጎ ዙፋኑን አጸና። ለኢየሱሳውያኑም በጣና ዳርቻ በጎርጎራ ስፍራ ሰጣቸው። ፓኤዝ ለንጉሡ በዚያ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት አሠራ። በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ መዶሻውንና መሮውን ሳይቀር እያሠራ፣ ጠራቢውንና አናጢውን በእጁ እያሳየ ነበር የሚያሠራው። ሕዝቡ ሕንፃውን ሊያይ እየመጣ “ቤት ላይ ቤት” ብሎ ይደነቅ ነበር። በሙያችን ዐይን ካየነው፣ ይህ ሰው ከሥራ ኃላፊነቱ በላይ ሠራተኛን ማሠልጠኑ ይበልጥብናል። ዕውቀቱን በእጁ ይዞ አላስቀረውም።

በጎጃምም የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ ስለነበር፣ ኢየሱሳውያኑ በቆለላ፣ ቆይተውም በሌሎች ስፍራዎች መኖሪያና ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ፓኤዝ ከንጉሡ ጋር በሰከላ ወደ ግሽ ወጥቶ የዓባይን ምንጭ አየ። ስለዚያ ቀን ሲጽፍ የጥንት ነገሥታት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ ደስ እንዳለው አልሸሸገም፤ ከዚያ በኋላ ግን የምንጩን ስፋትና ጥልቀት ወደ መለካት ያልፋል። የሰው ልጅ ነውና ትንሽ መመካቱን አንነቅፍበትም። ልኩን የተወልን ሰው ነው።

ፓኤዝን ጻድቅ አድርጌ ለመሣል ግን አልሻም። እርሱ በሕይወት ሳለ ንጉሡ በሃይማኖት ጉዳይ ያወጣቸው ዐዋጆች ደም አፍስሰዋል። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ባመፀ ጊዜ አቡነ ስምዖን አብረው ወግነው በጦርነቱ ሞቱ። የቀዳሚት ሰንበት መሻርም በጎጃምና በዳሞት ብዙ መነኮሳትንና ገበሬዎችን ለዐመፅ አነሣሥቷል። ሆኖም ሕዝቡ ፓኤዝን እንደ ሰው ያውቀው ነበር። በ1622 ንጉሡ ለእርሱ ንስሐ ገብቶ፣ በርካታ ሚስቶቹን አሰናብቶ፣ ሮማዊነቱን በይፋ ገለጸ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጎርጎራ ዐረፈ።

ሁሉን ከመጀመሪያው የጀመረው ፓትርያርክ

የፓኤዝን ሥራ የተረከበው የፖርቱጋል ተወላጅ አልፎንሶ ሜንዴዝ ነበር። የሥነ መለኮት ሊቅ ነው፤ በ1623 በሊዝቦን የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኖ ተሾመ፤ በ1625 በአፋር በረሃ በኩል ገባ። ድፍረቱንና ትምህርቱን ማንም አይክድበትም። በየካቲት 1626 በደንቀዝ በተደረገው ታላቅ ሥነ ሥርዓት፣ ንጉሡና መኳንንቱ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት ታማኝነታቸውን በመሐላ ገለጹ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በዚያ ጉባኤ ሰይፉን መዝዞ፣ ከመሐላው የሚያፈገፍገውን ሁሉ እንደሚቀጣ ዛተ። የወንጌል ጉባኤ በተመዘዘ ሰይፍ መደምደሙን ያየ ሰው፣ የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሜንዴዝ ያዘዘው ምን ነበር? ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ምዕመናኑ እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሥነ መለኮት ምክንያት ነበረው፤ በጥምቀቱና በክህነቱ ትክክለኛነት ላይ ጥርጣሬ አለ የሚል ነበር። ትእዛዙ በሰሚው ጆሮ ያደረሰው መልእክት ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ቀድሶ ለሸመገለ የጎጃም ቄስ፣ እስከ ዛሬ ያጠመቅኸው አልተጠመቀም፤ የቀደስኸው አልተቀደሰም፤ የቀበርኸውም እንዲሁ ቀርቷል ማለት ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረ ሁሉ ባዶ መሬት ሆነ።

ከንቱ ውዳሴን ብዙ ጊዜ በወርቅ ካባና በአጀብ እንመስለዋለን። እኔ በሜንዴዝ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታየኝ ግን ካባው አይደለም። ዋናው ምልክት ከእኔ በፊት የተሠራ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠር የሚለው መንፈስ ነው። ካባ የለበሰ ሰው ትሑት ሊሆን ይችላል፤ የሌላውን ሥራ በጎ ነው ብሎ መቀበል የማይችል ግን ማቅ ቢለብስም ትዕቢተኛ ነው።

ፍጻሜውን አንባቢ ያውቀዋል። አመፁ ከላስታ እስከ ጎጃም ተቀጣጠለ። ሥዕለ ክርስቶስም በወንድሙ ዘንድ ተቀናቃኞቹ ነገር ሠርተውበት የጎጃም ሹመቱን አጣ፤ ምቀኝነት በካህናቱ ብቻ አልቀረምና። በ1632 በወይና ደጋ ጦርነት ንጉሡ የላስታውን መልክዐ ክርስቶስን ድል አደረገ፤ በሜዳው ላይ የወደቁት ስምንት ሺህ ያህል ነበሩ። ሬሳዎቹን ሲያይ፣ እነዚህ አረመኔዎች ሳይሆኑ የገዛ ክርስቲያን ወገኖቹ መሆናቸውን አጠገቡ ያሉት እንደነገሩት ታሪክ ይተርካል። በዚያው ሰኔ ወር ሰው ሁሉ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀደ፤ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ መስከረም ላይም ሞተ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም ከአገር አስወጣቸው። ሜንዴዝ በሱዋኪን በቱርኮች እጅ ታስሮ ከቆየ በኋላ ጎዋ ደረሰ። እዚያም ሆኖ የፖርቱጋል ጦር እንዲላክለት ሲወተውት ኖሮ ሞተ። የመርጡለ ማርያምን ሕንፃ ያሠራው ብሩኖ ብሩኒ በስውር ከቀሩት አንዱ ነበር፤ በ1640 ተሰቀለ።

በመጽሐፍ ላይ የወደቀ ጥላ

ቅንአቱ በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ፓኤዝ ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን ለመጻፍ የተነሣበት ምክንያት ራሱ የማኅበሮች ፉክክር ነው። በ1610 በቫሌንሲያ የሚኖር ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ለሮማ ታዛዦች እንደነበሩ፣ የእርሱም ማኅበር መነኮሳት ቀድመው ገዳማት እንዳቆሙ ተረከ። ይህ እውነት ከሆነ የኢየሱሳውያኑ ድካም ትርጉም አልነበረውም። አለቆቹ ለፓኤዝ መልስ እንዲጽፍ አዘዙት፤ እርሱም ያየውን፣ የሰማውንና ከግዕዝ መጻሕፍት የተረጎመውን ሰብስቦ ጻፈ።

መጽሐፉ ግን በዘመኑ አልታተመም። የማኅበሩ ባልደረባ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ አዲስ እንዲያዘጋጀው ታዘዘ፤ የአልሜይዳን ደግሞ ባልታሳር ቴሌዝ አሳጥሮ በ1660 በኮይምብራ አሳተመው። የፓኤዝ የራሱ ቃል ሙሉ ሆኖ የታተመው በ1905 እና በ1906 ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በመካከሉ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ደርሶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ፓኤዝ ከእርሱ በፊት ምንጩን አላየም ብሎ ሊያሳምን ደከመ። ብሩስ ካህን አልነበረም፤ ፓኤዝም ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነበር። ምቀኝነት ሙታንንም እንደማይምር ከዚህ እንማራለን።

ከስደቱም በኋላ ፉክክሩ ቀጠለ። በ1622 በሮማ የተቋቋመው የስብከተ ወንጌል ጉባኤ በፖርቱጋል ንጉሥ ጥላ ሥር ያሉት ኢየሱሳውያን የተጠሉ ስለሆኑ ሌሎች ይሞክሩ በማለት ካፑቺኖችን ላከ። አጋታንጅ እና ካሲያን የተባሉት ሁለቱ ፈረንሳውያን በ1638 በጎንደር ተሰቀሉ፤ ሌሎች ሦስት በ1648 በሱዋኪን አንገታቸው ተቆረጠ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በካይሮ የነበሩ ፍራንሲስካኖችና ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ ማን ይግባ በሚል ይሻኮቱ ነበር። አንዱ ማኅበር ከሌላው ስሕተት የተማረው፣ ሌላው መጥፎ እንደነበረ ብቻ ይመስላል።

የቀረው ኖራ

እዚህ ላይ ወደ ሙያችን ልመለስ። ፋሲለደስ ካህናቱን ሲያባርር ኖራቸውን አላባረረም። በ1630ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ቤተ መንግሥቱን ሲያሠራ ድንጋዩና ኖራው አገልግሏል። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው የሞጣው ሰባራ ድልድይም የዚያው የአሠራር ዘመን ልጆች ናቸው። ኖራ እንዴት ሊቀር ቻለ? መልሱ ቀላል ነው፤ ዕውቀቱ በብዙ እጅ ስለገባ። በእነዚያ ሥራዎች ላይ ከሕንድ የመጡ ግንበኞች ነበሩ፤ ድንጋይ የጠረቡ፣ ኖራ ያቃጠሉ፣ ውሃ የቀዱ ያገራችን ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሁሉን “የፖርቱጋል ግንብ” እያለ ይጠራዋል፤ የነዚህን ሠራተኞች ስም ግን የሚጠራው የለም። ስማቸው የተጻፈላቸው ሰዎች ሥራ ፈረሰ፤ ስማቸው ያልተጻፈው ሰዎች ሥራ ቆመ።

በአንጻሩ ክርክሩም ሌላ ውርስ ትቶ አልፏል። ከኢየሱሳውያኑ ጋር ሲከራከሩ የቆዩት የኛ ሊቃውንት በምሥጢረ ሥጋዌ ትርጓሜ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። ጎጃም የቅባቶች፣ ደብረ ሊባኖስም የተቀናቃኞቻቸው መዲና ሆነው እስከ 1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ፣ ከዚያም ወዲህ ሲነታረኩ ኖሩ። በዚያ ንትርክ ውስጥ የሃይማኖት ጥንቃቄ ብቻ ነበረበት ብንል ራሳችንን እንሸነግላለን።

ከመርጡለ ማርያም የወጣ ተማሪ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መራራ ይሆን ነበር። ደግነቱ ሌላ ምዕራፍ አለው፤ እርሱም የሚጀምረው ከዚያችው ከመርጡለ ማርያም ነው። ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ዲቦ በምትባል መንደር ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዐይኑ የታወረ ነበር፤ በመርጡለ ማርያም ተምሮ መነኰሰ። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም ሲዞር ኖረ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ካይሮ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጓዘ። መልእክተኞቹን የመራው ላዛሪስት የሚባለው ማኅበር አባል፣ ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር።

ደ ያቆቢስ በ1839 አድዋ ሲደርስ ከሜንዴዝ የተገላቢጦሹን መንገድ ያዘ። ያገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሰ፤ የግዕዙን ሥርዓት አከበረ፤ በላቲን ልቀድስላችሁ አላለም። ኤጲስ ቆጶስነት ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ፣ በመጨረሻ በ1849 በምጽዋ በስውር የተሾመው በካፑቺኑ በማስያስ እጅ ነው። ቀድሞ ይፎካከሩ ከነበሩት ማኅበራት የአንዱ ሰው ሌላውን ቀባው ማለት ነው። ገብረ ሚካኤል በ1844 ከደ ያቆቢስ ጋር ተባበረ፤ በ1851 ክህነት ተቀበለ። የመርጡለ ማርያም ሊቅ ዕውቀቱን እንዲጥል አልተጠየቀም፤ ያንኑ ግዕዙን ይዞ መምህር ሆነ እንጂ።

ያም ዘመን ከቅንአት ነፃ አልነበረም። በአቡነ ሰላማና በደ ያቆቢስ መካከል የነበረው ብርቱ ተቀናቃኝነት ብዙ ሰው አሳስሯል፤ ገብረ ሚካኤልም በ1855 በእስራት እንዳለ ሞተ። ነገር ግን ደ ያቆቢስ ያቆመው ሥራ፣ ማለትም በግዕዝ የሚቀድስ የካቶሊክ ማኅበረ ምዕመናን፣ ሜንዴዝ ያሰበውን ዕድሜ አልፎ እስከ ዛሬ አለ።

ለኛ ምን ይላል?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎጃም ደጋ አንዲት አነስተኛ ድልድይ እንድሠራ ተመደብሁ። ከእኔ በፊት የነበረው መሐንዲስ ንድፉን ጨርሶ፣ ልኩን ወስዶ፣ የመሠረቱን አፈር አስመርምሮ ሄዷል። እኔ ግን ወረቀቱን ገልጬ ፊርማውን ሳይ “ከመጀመሪያው ይጀመር” አልሁ። ጉድለት አግኝቼበት አልነበረም። ለአለቆቼ ያቀረብሁት ምክንያት “ለጥንቃቄ” የሚል ነበር፤ ሜንዴዝም “በጥርጣሬ” ነው ያለው። አዲሱ ንድፍ ሲያልቅ ከቀድሞው እጅግም አልተለየም፤ ክረምቱ ግን ገባ። በዚያ ዓመት ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ወንዙ ጎደለ ሞላ እያሉ ነበር። የቀድሞው ባልደረባዬ ነገሩን ሰምቶ አንድ ቃል ሳይወቅሰኝ “ዋናው መሠራቱ ነው” አለኝ። ከወቀሳ ሁሉ ያ ቃል ከበደኝ።

“ምቀኛ አታሳጣኝ” የሚለው ያገራችን አባባል፣ ምቀኛ ያለው ሰው ነቅቶና ጠንክሮ ይሠራል ለማለት እንደሆነ ይታወቃል። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ያየሁት የሚያሠጋው ከውጭ ያለው ምቀኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። ፓኤዝን ኡሬታ አላጠፋውም፤ ብሩስም አላጠፋውም። የኢየሱሳውያኑን ሥራ ያፈረሰው የተከታያቸው የገዛ ራሱ እጅ ነው፤ ያውም በቅን ልብ ነው የሠራሁ ብሎ እያመነ።

ስለዚህ በማኅበራችን ውስጥ የሌላውን ሥራ ስንረከብ፣ ስሕተት ካለበት እናርመው፤ ስሕተት ከሌለበት ግን ስሙን ትተንለት እንቀጥልበት። ርክክብ ስናደርግም የቀዳሚያችን ስም በንድፉ ላይ እንዲቀር፣ የጠራቢውና የግንበኛው ስም በሥራው መዝገብ እንዲጻፍ ልማድ ብናደርግ መልካም ነው እላለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ትልቁ ግንብ ግን በትንሹ መጋጠሚያ ነው የሚቆመው።

ባለፈው ዓመት እንደገና ወደ መርጡለ ማርያም ሄጄ ነበር። አበባ በተቀረጸባቸው ድንጋዮች ሥር ተቀምጬ መጋጠሚያውን እንደ ወጣትነቴ በጥፍሬ አልፈተንሁትም። ጽኑ መሆኑን ዐውቃለሁ። የትኛው ያገሬ ሰው እጅ እንደለሰነው ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግሁት።